ቀን ሰማይ፣ ሌሊት መንደር፦ ሱሪያሊስት መልክ ያለው የልብ አንጠልጣይ ፊልም ፖስተር አሠራር

የልብ አንጠልጣይ ፊልም ፖስተር ጥያቄ መጫር እንጂ መልስ መስጠት የለበትም። ሽጉጥ፣ ደምና የአምስት ተዋንያን ፊት አንድ ላይ ከታጨቁ ታሪኩ ገና ሳይታይ አለቀ። ቤልጂየማዊው ሱሪያሊስት (እውነተኛውን ነገር ሕልም በሚመስል መልኩ የሚያገናኝ) ሰዓሊ ሬኔ ማግሪት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደጋግሞ በሣለው «የብርሃን ግዛት» ላይ ጭራቅም ደምም የለም። መብራት የበራበት የሌሊት ደጃፍ አለ፤ ከበላዩ ግን ሰማዩ የቀን ነው። ሁሉም ነገር እውነተኛ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ የማይሆን መሆኑ ነው የሚያስፈራው። ይህ ዘዴ አንድ ዓይነት ሕንፃዎች ለተደረደሩበት ለኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በጣም ይስማማል።

መጀመሪያ ሕንፃውን አንሱ። ካሜራውን ወይም ስልኩን በትራይፖድ አቁማችሁ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ወይም 200 ላይ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከ10 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጨርሱ። እኛ ጋ ቶሎ ይጨልማል፤ ከመሸ በኋላ የጣሪያው ጠርዝ ከሰማዩ ጋር ስለሚዋሃድ ቆርጦ ማውጣት ያስቸግራል።

ሰማዩን በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ከዚያው ቦታ፣ ዙሙን ሳትቀይሩ አንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ቀና ብሎ አናት ላይ ያለውን ደመና ያነሳና ከጣሪያ በላይ ይለጥፈዋል። ወደ አድማስ የወረደ ደመና ጠፍጣፋና ትንንሽ ሆኖ ስለሚታይ የአናቱ ደመና የተለጠፈ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። በክረምት ሰማዩ አመድማ ስለሚሆን ከመስከረም በኋላ ያለው ይሻላል።

ፎቶሾፕ ላይ 70 በ100 ሴንቲሜትር፣ በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) አዲስ ፋይል ክፈቱ፤ 4134 በ5906 ፒክስል ይሆናል። በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫ ጨምሩ። ሰማዩን በማስክ (የምስሉን ከፊል በሚደብቅ መሸፈኛ) አስገቡና የማስኩን ጠርዝ 1 ወይም 2 ፒክስል ወደ ሕንፃው ሳቡት፤ አለዚያ ጣሪያው ዙሪያ ነጭ ክር ይቀራል። ሕንፃውን ስታጨልሙ ወደ ጥቁር ሳይሆን ወደ ጥልቅ ሰማያዊ ውሰዱት።

ከዚያ አንድ መስኮት ብቻ ይብራ። ሌሎቹን ከጎናቸው ባለ ጨለማ መስኮት በክሎን ስታምፕ (ከአንድ ቦታ ገልብጦ ሌላ ቦታ በሚቀባው መሣሪያ) ሸፍኑ። ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም፦ በአዲስ ሌየር (ንብርብር)፣ ቀለሙን ከሥሩ ካለው ምስል ጋር በስሱ በሚያዋህደው በሶፍት ላይት፣ የበረንዳውን ብረት የላይኛውን ጠርዝና የጣሪያውን ሆድ በቢጫ ብራሽ በስሱ ንኩ። በረንዳው ከጨለመ ማንም አያምነውም።

ርዕሱን ሰማዩ ላይ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ቁመት ባለው ፊደል ጻፉ። የግዕዝ ፊደል ወደ ጎን አይለጠጥ፤ ግሎው (በፊደሉ ዙሪያ የሚጨመር ፍካት) ከበዛበትም የ«ሰ» እና የ«ስ» ልዩነት ይጠፋል። ምስሉን ስልክ ላይ አሳንሳችሁ እዩት፤ ርዕሱ ካልተነበበ አተልቁት።

ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ሼፕ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ቀይሩ፤ ፎንቱ እነሱ ጋ ከሌለ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ ማተሚያ ቀለሞች) ለውጣችሁ በኤ4 አሳትማችሁ ሞክሩ። ስክሪን ላይ ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ግድግዳ ወረቀት ላይ ጭራሽ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከጠፋ የጨለማውን ክፍል በከርቭ (የብርሃን መጠን ማስተካከያ) ትንሽ አብሩትና ደግማችሁ አሳትሙ።