ኖክ ስትመርጡ፦ ዘንጉ አይለወጥም፣ ክሩ ግን ይለወጣል

ጀማሪ ቀስተኞች ኖክ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት ቀለሙን ነው። አልፈርድባቸውም፤ ደማቅ ኖክ ዒላማው ላይ ከሩቅ ይታያል። ግን ይቺ ከፍላጻው ጭራ የምትሰካ ትንሽ ፕላስቲክ በአንድ በኩል ዘንጉን፣ ማለትም የፍላጻውን ገላ፣ በሌላ በኩል አውታሩን መግጠም አለባት። ሁለቱ አልስማማ ካሉ እኔ ሁሌም ለዘንጉ አደላለሁ። ዘንግ አይሰፋም፣ አይጠብም። አውታሩ መሃል ላይ የሚጠመጠመውን ክር ግን እንደፈለግን እንቀይረዋለን።

ስለዚህ ከዘንጉ እንጀምር። ብዙ ጊዜ ኖኩ የሚገባው ዘንጉ ውስጥ ነው፤ መለካት ያለበትም የውስጥ ስፋቱ እንጂ የውጩ አይደለም። በካርቦን ዘንጎች 6.2፣ 5.2 እና 4.2 ሚሊሜትር የተለመዱ ናቸው። ከውጭ አንድ የሚመስሉ ዘንጎች ውስጣቸው ሊለያይ ስለሚችል ዓይናችሁን አትመኑ። ካሊፐር (ስፋት መለኪያ መሣሪያ) ከሌላችሁ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ሞዴል ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሩ። አንዳንድ ቀጫጭን የውድድር ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ፒን አላቸው፤ ኖኩ እሱ ላይ ይቀመጣል። በእንጨት ዘንግ ደግሞ ጫፉ ተሞርዶ ኖኩ በሙጫ ይለጠፋል።

ዘንጉ ውስጥ የሚገባው ኖክ በጣት ግፊት መግባት አለበት። በግድ አትጠቅጥቁት፣ ካርቦኑ ይሰነጠቃል። ከላላ ደግሞ ሙጫ አያስፈልግም። ስስ የፌስታል ቁራጭ የዘንጉ አፍ ላይ ጣል አድርጋችሁ ኖኩን ስኩት፣ የተረፈውን በምላጭ ቁረጡ። አለቀ።

ዋናው ጣጣ ያለው አውታሩ ጋ ነው። ደጋኑን አጋድማችሁ አውታሩን ወደ ላይ አድርጉት። ፍላጻውን ስኩና ጫፉ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ ይቆይ። ሲገባ ጠቅ ማለት አለበት። አሁን ከኖኩ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ብላችሁ አውታሩን በጣት መታ አድርጉት። ፍላጻው ከወደቀ ልኩ ነው። ሳትነኩት ከወደቀ ላልቷል፤ መታ መታ አድርጋችሁትም ሙጭጭ ካለ ጠብቋል።

ከሁለቱ የምፈራው የላላውን ነው። ደጋኑን ስባችሁ ሳለ ኖኩ ከአውታሩ ከወጣ ባዶ አውታር ትለቃላችሁ፤ ያ ደጋን ሊሰብር ይችላል። የጠበቀው ያን ያህል አደገኛ ባይሆንም ፍላጻውን ከአውታሩ ለመላቀቅ ያስቸግረዋል፣ ሲበርም ይዋልላል።

ማስተካከያው ሁለት ነው። አንዳንድ ኖኮች ለአንድ ዓይነት ዘንግ ጠባብና ሰፊ አፍ (አውታሩ የሚገባበት ክፍተት) ሆነው ይመረታሉ፤ መጀመሪያ ይሄንን ሞክሩ። ካልሆነ ክሩን ቀይሩ። ክር ከ0.018 እስከ 0.025 ኢንች ባለው ውፍረት በቀላሉ ይገኛል። ልብ በሉ፣ ክሩ አውታሩን በሁለቱም ጎን ስለሚያቅፍ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል፤ 0.018ቱን በ0.021 ብትተኩ አውታሩ የሚወፍረው በ0.006 ኢንች ነው። ትንሽ ቢመስልም የላላን ኖክ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ክር በቀየራችሁ ቁጥር ፍላጻውን አንጠልጥላችሁ እንደገና ሞክሩ፤ አዲስ ክር በአጠቃቀም ትንሽ ስለሚተኛ ከተወሰነ ልምምድ በኋላም ድገሙት።

ሌላ ፍላጻ የነካውን ኖክ ከመተኮሳችሁ በፊት አፉን በጣት ለቀቅ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ እዩት። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለበት ነቅላችሁ ጣሉት።