ሽቦ አልባ ሴንሰሮች አደጋውን በተሳሳተ ቦታ ሲያሳዩ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ፍንዳታው የደረሰው ሸለቆው ውስጥ ነው፤ ካርታው የሚያሳየው ግን ማዶ ያለውን ኮረብታ።

መንስኤ፦ ብዙ ሰው መጀመሪያ ማይክሮፎኑን ይቀይራል። እኔ የምጠረጥረው ሰዓቱን ነው። የሴንሰሮቹ ኔትወርክ ቦታውን የሚያሰላው ድምፁ ለየኖዱ (ማይክሮፎንና ሰዓት ላለው ለእያንዳንዱ የሴንሰር መሣሪያ) የደረሰበትን ጊዜ አነጻጽሮ ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ የአንዱ ኖድ ሰዓት 10 ሚሊሰከንድ ቢዛነፍ የርቀት ስሌቱ ከ3 ሜትር በላይ ይስታል። የኖዱን ሰዓት የሚመራው፣ ከሚሊዮን 20 እጅ የሚዛነፍ ተራ ክሪስታል ደግሞ ካልታረመ በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ይንሸራተታል፤ ይህ በድምፅ ፍጥነት ሲሰላ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢኳዶሩ ሬቬንታዶር እሳተ ገሞራ ላይ 16 ኖድ የተከሉት ተመራማሪዎችም ይኸው ጣጣ አልቀረላቸውም፤ የዳታውን ሰዓት ያቃኑት ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

መፍትሄ፦ ሁለት ኖዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው አንዴ ያጨብጭቡ። ጭብጨባው በሁለቱም መዝገብ ላይ እኩል ሰዓት ካልታየ ልዩነቱ የሰዓቱ ስህተት ነው። ኖዶቹ ጂፒኤስ ካለው ጌትዌይ (መልእክታቸውን ከሚሰበስበው መሣሪያ) ጋር በየደቂቃው ሰዓታቸውን ያስተካክሉ፤ እያንዳንዱ ማስተካከያ ስንት እንደነበረም ከዳታው ጋር ይመዝገብ። ያለዚያ ኋላ ማቃናት አይቻልም። (ሰዓቱ ደህና ከሆነ የኖዱ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተገላብጦ ገብቶ እንደሆነ ይዩ። ያሳፍራል፣ ግን ያጋጥማል።)

ችግር፦ የጭስ ማንቂያው ሊነጋጋ ሲል ይጮሃል፤ ረፋድ ላይ ራሱ ዝም ይላል።

ጉም ነው። የብናኝ ሴንሰር በጨረሩ ፊት የሚያልፈውን ሁሉ ይቆጥራል፤ የውሃ ጠብታን ከጭስ አይለይም። ማንቂያው የሚጮህበትን የብናኝ መጠን ከፍ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ አልመክረውም፣ እውነተኛው ጭስም አብሮ ይታለፋል። ይልቅ የእርጥበትና የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከእሳት የሚወጣ ጋዝ) ሴንሰር ያክሉ፤ እርጥበቱ ለምሳሌ ከ85 በመቶ ሲበልጥ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ካልጨመረ ማንቂያው አይጩህ።

ችግር፦ ለጌትዌዩ የቀረቡት ኖዶች ባትሪ ቀድሞ ያልቃል።

የሌሎቹን መልእክት የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው። ትልቅ ባትሪ ይስጧቸው፣ ወይም ሁለተኛ ጌትዌይ ይትከሉ።

ችግር፦ በአዘቦት ቀን ዳታው አይጓደልም፤ አደጋው ሲደርስ ግን ይጠፋል።

ሁሉም ኖድ በአንድ ቅጽበት ሲልክ መልእክቶቹ ይጋጫሉ። እያንዳንዱ ከመላኩ በፊት በዘፈቀደ የተመረጠ አጭር ጊዜ ይጠብቅ፤ መድረሱ ካልተረጋገጠለትም ደግሞ ይላክ። ሲፈትሹም ኖዶቹን ሁሉንም በአንዴ እንጂ በየተራ አይቀስቅሱ። የሚላከው ሰዓት ግን ድምፁ የተሰማበት ይሁን እንጂ መልእክቱ የወጣበት አይሁን፤ አለበለዚያ ካርታው ተመልሶ ኮረብታውን ማሳየት ይጀምራል።