የኢንተርፌሮሜትር መስታወት እንዴት ይስተካከላል? ደብረ ብርሃን፣ ቤት ወለል ላይ

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። እኔ ደግሞ እዚሁ ከተማ፣ ቤቴ ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ ሁለት ብርሃኖች ተደራርበው ጨለማ ሲሆኑ አይቻለሁ። እናንተም እንድታዩት እፈልጋለሁ።

መሣሪያው ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። አንድ የሌዘር ጨረር ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ በየፊናቸው ሄደው ከመስታወት ይመለሱና መልሰው ይገናኛሉ። የሞገዶቹ ከፍታ ከከፍታ ጋር ሲገጥም ይደምቃሉ። ከፍታው ከዝቅታው ጋር ሲገጥም ይጠፋፋሉ። አሜሪካ ያሉት ሁለቱ የላይጎ ጣቢያዎች፣ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን፣ መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. የስበት ሞገድን፣ ማለትም ከጠፈር የሚመጣውን የሕዋ መርገብገብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት በዚህ ዘዴ ነው። የእነሱ ክንድ፣ ማለትም ጨረሩ ከተከፈለ በኋላ እስከ መስታወቱ የሚሄድበት ርቀት፣ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእኛ 20 ሴንቲ ሜትር። የእኛ የስበት ሞገድ አይዝም። መስታወት ማስተካከል ምን ማለት እንደሆነ ግን በደንብ ያስተምራል።

መጀመሪያ ጥንቃቄ። ሌዘሩ ከ5 ሚሊ ዋት አይብለጥ። ዓይናችሁን በጨረሩ ከፍታ ላይ በፍጹም አታድርጉ። ከመስታወት የተመለሰውም ያው ሌዘር ነው። ልጆች ክፍሉ ውስጥ ባይኖሩ ይመረጣል።

ቦታው

ጠረጴዛ አይሆንም፤ ወለል ላይ ሥሩ። እኔ የመንዝ ባና አራት እጥፍ አጥፌ አነጥፋለሁ፤ በላዩ ከባድ የእብነ በረድ ቁራጭ አስቀምጣለሁ። ባናው ንዝረቱን ያለዝባል፤ ድንጋዩ ደግሞ በቀላሉ አይነቃነቅም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቀን ቀን የደሴ መንገድ ከባድ መኪና አያጣውም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ከተማው ጸጥ ሲል ሥራው ግማሽ ያህል ይቀላል።

ዕቃዎቹ

የፊት ማያ መስታወት አትጠቀሙ። እኔ ተጠቅሜ ሦስት ሌሊት አባክኛለሁ። ብሩን የተቀባው ከጀርባው ስለሆነ፣ አንዱ ነጥብ ከፊቱ ሌላው ከኋላው እየተመለሰ ሁለት ይሆንባችኋል። የሚያስፈልገው ፊቱ ራሱ የሚያንጸባርቅ ነገር ነው። ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄዳችሁ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ጠይቁ። ውስጡ ያለው ክብ ሰሌዳ ግሩም መስታወት ነው። ሁለት ያስፈልጋችኋል። ፊቱን በጣት አትንኩት።

ጨረሩን ለመክፈል 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጠረጴዛ መስታወት ቁራጭ ይበቃል። መስታወት ቆራጮች ጋ ትርፍራፊ አይጠፋም። ቀጭን ከሆነ የፊቱና የጀርባው ነጸብራቅ ይደበላለቃል። ወፍራም ሲሆን ግን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚራራቁ ተለያይተው ይታያሉ። ተራ መስታወት የሚያንጸባርቀው ትንሽ ነው፤ ይህ አያሳስባችሁ። እያንዳንዱ ጨረር አንዴ ይንጸባረቃል፣ አንዴ ያልፋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁለቱም እኩል ደብዛዛ ሆነው ይገናኛሉ። እኩል መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ።

አንዱን ሰሌዳ በማስቲሽ በቀጥታ ከድንጋዩ ጋር አቁሙት። ሌላው መያዣ ይፈልጋል። ሁለት የኮምፔንሳቶ ቁራጮች፣ መሃላቸው ጠንካራ ሞላ፣ ማዕዘኑ ላይ አንድ ቋሚ ነጥብ፣ ሁለት ብሎን። አንዱ ብሎን ሰሌዳውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በየብሎኑ ራስ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ቀጭን እንጨት እሰሩ። ምክንያቱን ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

ነጥቦቹን ማገናኘት

ሌዘሩን እሰሩት፤ ቁልፉን በልብስ መቆንጠጫ ያዙትና ጥቂት ደቂቃ ይሙቅ። ከፋዩን መስታወት በ45 ዲግሪ አቁሙ። አንዱን ሰሌዳ ጨረሩ አልፎ በሚሄድበት፣ ሌላውን ተንጸባርቆ በሚሄድበት በኩል፣ ሁለቱንም ከእሱ እኩል ርቀት ላይ አድርጉ፤ በማስመሪያ ለኩ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። መብራት አጥፉ። ሌዘሩም ሰሌዳዎቹም በሌሉበት በአራተኛው አቅጣጫ ግድግዳው ላይ ነጥቦች ታያላችሁ። አንዱን ሰሌዳ በወረቀት ስትጋርዱ የሚጠፋው የእሱ ነው። ከየሰሌዳው ሁለት ሁለት ይመጣል። ድምቀታቸው የሚመሳሰለውን አንድ አንድ መርጣችሁ አጋጥሙ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ግድግዳው ላይ ነጥብ በነጥብ ላይ ወደቀ ማለት ጨረሮቹ ገጠሙ ማለት አይደለም። ሁለት መንገደኞች ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው አንድ መስቀለኛ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ አብረው ግን አልተጓዙም። ወረቀት ይዛችሁ ከፋዩ አጠገብ እዩ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ እዩ። በሁለቱም ቦታ መግጠም አለባቸው። ቅርቡ ላይ ከተለያዩ የሰሌዳውን ቦታ ግፉ። ሩቁ ላይ ከተለያዩ ብሎኑን አዙሩ። ይህን ስትደጋግሙ ልዩነቱ በየዙሩ እየጠበበ ይመጣል።

መስመሮቹን ማንበብ

አሁን የመነጽር ሌንስ ከፋዩና ግድግዳው መሃል አስገቡ። ነጥቡ ይሰፋል። ውስጡ ቀይና ጥቁር መስመሮች ካሉ፣ እሰይ!

መስመሮቹ ስህተታችሁን ይነግሯችኋል። ቆመው ከታዩ መስታወቱ ወደ ጎን አዘንብሏል። ተኝተው ከታዩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። ቀጭንና ብዙ ከሆኑ ስህተቱ ትልቅ ነው፤ እየወፈሩ ሲሄዱ እየተቃረባችሁ ነው። አንዱን ብሎን ብቻ አዙሩ። መስመሩ ከቀጠነ ተመለሱ። ሁለቱን ባንድ ላይ የነካ ሰው የቱ ምን እንዳደረገ አያውቅም።

ቁጥሩን እንየው። የቀይ ሌዘር የሞገድ ርዝመት 650 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። በጨረሩ ውስጥ መስመሮቹ በ1 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ፣ መስታወቱ የሳተው በ1 ሜትር ርቀት 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብሎናችሁ በአንድ ዙር 0.7 ሚሊ ሜትር የሚገባ ከሆነና ከቋሚው ነጥብ በ5 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ይህን ለማረም የዙር አንድ አርባኛ ይበቃል። በካቻቪቴ ይህን መቆጣጠር ከባድ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር እንጨት ግን ጫፉን 3 ሴንቲ ሜትር መግፋት ነው፤ በአንድ ጣት ይሠራል።

መጨረሻ ላይ መስመሮቹ ጠፍተው ክቡ በሙሉ አንዴ ይቀላል፣ አንዴ ይጠቁራል። በዚያን ጊዜ እጃችሁን ከአንዱ ጨረር ሥር፣ ሳትነኩት፣ አስገቡ። ከመዳፋችሁ የሚነሳው ሙቅ አየር ብቻውን ክቡን ይለዋውጠዋል። መስታወቱ 325 ናኖ ሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ አንድ ሙሉ ዑደት ያልፋል። አንድ ቀን ሌሊት ክቡ ድንገት ይርገበገብ ጀመር። ጆሮዬ ገና ምንም አልሰማም ነበር። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው የመኪናው ድምፅ የመጣው።

ላይጎ ላይስ?

የእነሱ መስታወት 40 ኪሎ ይመዝናል፤ በአራት ደረጃ ተንጠልጥሎ፣ የመጨረሻው ደረጃ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው የመስታወት ክሮች ይንጠለጠላል። ቱቦው አየር የለውም። መስታወቱ በ1 ሜትር 1 ማይክሮ ሜትር ቢያዘነብል፣ ጨረሩ 4 ኪሎ ሜትር ላይ 8 ሚሊ ሜትር ይስታል። እጅ ስለማይደርስ፣ ለአራት የተከፈለ የብርሃን መቀበያ ጨረሩ ወዴት እንዳዘነበለ ይለካል፤ ኮምፒውተር ያለማቋረጥ ያርማል። መጀመሪያ በአረንጓዴ ሌዘር ክንዶቹን ያረጋጋሉ፤ ከዚያ ነው ወደ ዋናው፣ በዓይን ወደማይታየው ጨረር የሚያስረክቡት። እነሱም ከሻካራው ወደ ረቂቁ ነው የሚሄዱት። የሚፈልጉትም መውጫው እንዲጨልም ነው፤ የስበት ሞገድ ሲያልፍ ጨለማው ላይ ትንሽ ብርሃን ስለሚታይ።

ስትጨርሱ ካርቶን ድፉበት። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ሌሊት የገጠመው ጠዋት ይበተናል፤ እንጨቱም ብሎኑም በብርዱ ይኮማተራሉ። እንደገና ከቅርቡ ነጥብ ጀምሩ። ሁለተኛው ጊዜ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።