የሚያስፈራ ኤስኬፕ ሩም ልትገቡ ነው?

ከጓደኞቻችሁ ጋር የሚያስፈራ ኤስኬፕ ሩም (ክፍል ውስጥ ገብታችሁ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ እንቆቅልሽ እየፈታችሁ የምትወጡበት ጨዋታ) ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ውስጥ ተደብቆ የሚያስደነግጥ ተዋናይ አለ? ካለስ ሰው ይነካል? ከመሃላችሁ ፈሪ ካለ (መቼም አንድ አይጠፋም) ቀድሞ ይወቀው።

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። አስር ከሆናችሁ ግማሹ ቆሞ ተመልካች ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ 60 ደቂቃ ነው፤ ጩኸትና ሳቅ ሳታስቡት ይበሉታል። ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ ያገኛችሁትን ሁሉ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «እዚህ ቁጥር ተጽፏል!» አንድ ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው አንዴ ነው፤ ከከፈታችሁበት በኋላ እዚያው ጓጉንቸሩ ላይ ተዉት።

የእጅ ባትሪውን ደግሞ ለፈሪው ስጡት። ሥራ ሲይዝ ፍርሃቱ ይቀለዋል።