የማሳመን ትምህርት ከ«እምቢ» ይጀምራል

ንግግር አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ ርዕስ አልሰጥም፤ የሚያሳምኑት ሰው ነው የምሰጣቸው። «የንባብ ጥቅም» የሚል ርዕስ ከሰጣችሁ ሁሉም የሚያውቀውን ወሬ ነው የምትሰሙት። ንባብ አይጠቅምም የሚል ሰው የለማ! ታዲያ ማንን ሊያሳምኑ ነው?

ይልቅ እንዲህ በሏቸው፦ «ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ እንዲከፈት ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። እሳቸው ግን እምቢ ብለዋል።»

ብዕር ከማንሳታቸው በፊት አንድ ነገር ይመልሱ፤ ለምን እምቢ አሉ? «ክፉ ስለሆኑ» የሚል መልስ አትቀበሉ። ሠራተኛ ማን ይመደባል? መጽሐፍ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ሰው ባይመጣስ? እዚህ ላይ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ቢሄድ አይቆጫችሁ።

የመጀመሪያው ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ «ንባብ ሙሉ ሰው ያደርጋል፤ ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ይከፈት።» ያምራል፣ ግን ርዕሰ መምህሩ «እሺ፣ መጽሐፍ ቢጠፋስ?» ካሉ አለቀ። ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦ «ቅዳሜ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ብቻ ይከፈት። መጽሐፍ አይወጣም፤ እዚያው ይነበባል። አንድ ወር እንሞክረው፤ ተማሪ ካልመጣ ይዘጋ።» ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፉና ርዕሰ መምህሩ የትኛውን እምቢ ለማለት እንደሚከብዳቸው ጠይቁ።

ግሪካዊውን ፈላስፋ አርስቶትልን አሁን አምጡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ማሳመኛዎችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የአድማጩ ስሜት፣ የክርክሩ አመክንዮ። መጀመሪያ ካስተማራችሁት ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል። ከረቂቁ በኋላ ከሆነ ግን «ካልመጣ ይዘጋ» የሚለው ቃል ለምን እንዳሳመነ ራሱ ያየዋል። ለመሸነፍም የተዘጋጀ ልጅ የሚያታልል አይመስልማ።

ቀጥሎ ወገን አቀያይሯቸው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕሮታጎራስ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ሁለት ተቃራኒ ክርክሮች አሉ ይል ነበር ይባላል። ይከፈት ያለው አይከፈት ብሎ ይሟገት። ያጉረመርማሉ፤ ይሁን። አንድ ሕግ ብቻ አስቀምጡ፦ መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃዋሚውን ሐሳብ በራሱ ቃል ይድገም፤ ተቃዋሚው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ካላለ ተራው አይደርሰውም። ከዚህ ልምምድ የበለጠ የሚጠቅም አላውቅም።

ንግግር ለሚያስረዝሙት ደግሞ የጌቲስበርግን ታሪክ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1863 በዚህች የአሜሪካ ከተማ የወታደሮች መካነ መቃብር ሲመረቅ፣ ዝነኛው ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ። ከእሱ በኋላ ፕሬዚዳንቱ አብርሃም ሊንከን ተነስቶ 270 ያህል ቃላት ተናግሮ ተቀመጠ። በማግስቱ ኤቨረት ራሱ፣ ሊንከን በሁለት ደቂቃ የደረሰበት የጉዳዩ እምብርት አጠገብ እኔ በሁለት ሰዓት በደረስኩ ሲል ጻፈለት። እኔ ሁለት ደቂቃ ነው የምሰጣቸው። ሰዓቱን የሞላሁበት ስልክ ሲጮህ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቢሆኑም ያቆማሉ።

ስለ ድምፅና እጅ እንቅስቃሴ ብዙ አትጨነቁ። ምን እንደሚል የሚያውቅ ልጅ እጁ የት እንደሚገባ አይጠፋውም። ወረቀት እያነበበ ከሆነ ግን ወረቀቱን ተቀበሉት።

ነጥብ ስትሰጡ በጭብጨባ አትመዝኑ፤ ጓደኛ ለጓደኛው ያጨበጭባል። ከንግግሩ በፊት ክፍሉ ደጋፊና ተቃዋሚ ብሎ በወረቀት ይምረጥ፣ ሲያልቅ እንደገና ይምረጥ። ሐሳባቸውን የቀየሩት የቀየራቸውን ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ይጻፉ። ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ ለተናጋሪው ስጡት።