በአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮ የአመራር ቦታ ሲረከቡ

በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ በኃላፊነት ወይም በምክትል ኃላፊነት የሚሾም ሰው በከተማዋ ለሚንቀሳቀሰው ሁሉ ተጠያቂ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል፤ የሚያዝበት ግን ከሚጠየቅበት እጅግ ያነሰ መሆኑን የሚረዳው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ይህ ጽሑፍ ከባለሙያነት ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት ወደዚህ ወንበር ለሚመጡ ተሿሚዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በምን ላይ ማዋል እንደሚበጅ ያመለክታል።

በቅድሚያ ማን ምን እንደሚያዝ በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ። የከተማዋን መንገድ የሚሠራውና የሚጠግነው የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። ትራፊክ ፖሊስ የሚታዘዘው ለፖሊስ ኮሚሽኑ ነው። የነዳጅ ዋጋ የሚወሰነው በፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ በዚያ ነዳጅ የሚሠራውን ታክሲ ታሪፍ የሚያወጣው ግን ቢሮው ነው። የትራፊክ ማኔጅመንት ሥራና የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ሥራም የየራሳቸው ኃላፊዎች አሏቸው። የቢሮ ኃላፊ የካቢኔ አባል ሆኖ በከንቲባው አቅራቢነት በምክር ቤቱ የሚሾም በመሆኑ፣ በእነዚህ ተቋማት መካከል የሚፈጠር አለመግባባት በደብዳቤ ምልልስ ወራት ሊፈጅ የሚችለውን ያህል፣ በካቢኔ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ስብሰባ ሊቋጭ ይችላል። ምክትል ከሆኑ ይህ ዕድል የለዎትም። ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉን፣ በተለይም ኃላፊው በማይኖሩበት ጊዜ በምን በምን ጉዳይ መፈረም እንደሚችሉ፣ በቃል ሳይሆን በውክልና ደብዳቤ ይቀበሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈትንዎት የታሪፍ ጉዳይ ነው። የነዳጅ ዋጋ ማሻሻያ ይፋ በሆነ ማግስት ተሳፋሪውና ረዳቱ በሳንቲም ሲጨቃጨቁ፣ ቢሮው ገና ጥናት እያስጠና ከሆነ ታሪፉን የሚያወጣው መንገዱ ራሱ ነው፤ አንዴ የተለመደ ዋጋ ደግሞ በማስታወቂያ አይመለስም። የሚኒባስ ታሪፍ በኪሎ ሜትር እርከን የሚወጣ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርከን የነዳጅ፣ የጎማ፣ የመለዋወጫና የሠራተኛ ወጪ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ስሌት አስቀድሞ ተሠርቶ ሊቀመጥ ይገባል። ያን ጊዜ የነዳጁ ዋጋ በተለወጠ ዕለት የሚቀረው ቁጥሩን ተክቶ ለውሳኔ ማቅረብ ብቻ ይሆናል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር አማካይነት ይሰጥ የነበረው የታለመ የነዳጅ ድጎማም የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ድጎማ የሚያገኘው ተሽከርካሪ በተመደበበት መስመር መሥራቱ ካልተረጋገጠ፣ ገንዘቡ ይወጣል እንጂ ተሳፋሪው ዘንድ አይደርስም።

ይህን ለመረዳት ከቢሮ መውጣት ግድ ይላል፤ ሲወጡም ያለ አጃቢና ያለ ካሜራ ቢሆን ይመረጣል (ቀድሞ የተነገረ የመስክ ጉብኝት የሚያሳየው የተጠረገ ተርሚናል ብቻ ነው)። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ መገናኛ ይቁሙ። ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ የእግረኛ መንገዱን ሲይዝ፣ ታፔላው ፒያሳ የሚለው ሚኒባስ ረዳት «አራት ኪሎ መጨረሻ!» እያለ ሲጭን ያያሉ። ፒያሳ የሚሄደው ሰው አራት ኪሎ ወርዶ ሌላ ታክሲ ይይዛል፤ ሁለት ጊዜ የከፈለው ከሙሉው ጉዞ ታሪፍ ይበልጣል። ይህን ቆራርጦ መጫን በተቆጣጣሪ ብዛት ብቻ ለማስቆም መሞከር የቆየ ልማድ ነው፣ ውጤቱም ያው ነው። ተቆጣጣሪው እንደዞረ ሁሉም ይመለሳል፤ ምክንያቱም በመውጫ ሰዓት መጨናነቅ ውስጥ ረጅሙን መንገድ የሚጨርስ ሹፌር፣ በዚያው ጊዜ አጭሩን ሁለቴ ከተመላለሰው ያነሰ ገቢ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ቅጣቱ ሳይቀር፣ በመስመር አመዳደቡና በታሪፍ እርከኑ ላይ ይሥሩ፤ አውቶቡሶችንም በዚያ ሰዓት ወደ ረጃጅሞቹ መስመሮች ያዙሩ።

አውቶቡስን በተመለከተ የሚጠይቁት ጥያቄ ወሳኝ ነው። አንበሳና ሸገር ተዋህደው በአንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ሥር ከሆኑ ወዲህ «ስንት አውቶቡስ አለን?» ለሚለው የሚያኮራ ቁጥር ይቀርብልዎታል። እርስዎ ግን «ዛሬ ጠዋት በ12 ሰዓት ከዴፖ ስንት ወጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በየዕለቱ በጽሑፍ ያግኙ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የመለዋወጫ፣ የውጭ ምንዛሪና የጥገና ታሪክ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም 41 ባቡሮች ተገዝተውለት፣ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ቆመው ታይተዋል። አዲስ ግዥ ሲፈርሙ የአምስት ዓመት መለዋወጫ በውሉ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ፤ በምረቃው ዕለት ሪባን መቁረጥ ለማንም አይከብድም።

የመንገድ ደኅንነት ከሁሉም ሥራ በላይ ሕይወት የሚያተርፍ ቢሆንም፣ በስብሰባ አጀንዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የአደጋው መረጃ ያለው ፖሊስ ዘንድ ሲሆን፣ መንገዱን በምልክትና በቀለም የሚያስተካክለው ትራፊክ ማኔጅመንት፣ አስፋልቱን የሚቆርጠው ደግሞ የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። በመሆኑም ሦስቱ በየወሩ በአንድ ካርታ ዙሪያ እንዲቀመጡ ማድረግ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ሌላ ማንም አያደርገውም። በለገሃር መስቀለኛ መንገድ በቀለምና በማገጃ ብቻ የእግረኛው ማቋረጫ እንዲያጥርና የመኪናው መታጠፊያ እንዲጠብ የተደረገበት ሥራ፣ ትልቅ በጀት ሳይጠበቅ ምን ያህል መሄድ እንደሚቻል ያሳያል።

በብድር የሚሠሩ ፕሮጀክቶች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የዓለም ባንክ በ2008 ዓ.ም. እንዳጸደቀው የ300 ሚሊዮን ዶላር የትራንስፖርት ሥርዓት ማሻሻያ ፕሮጀክት ባሉት ውስጥ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ግዥ የባንኩን ይሁንታ ሳያገኝ ወደሚቀጥለው ደረጃ አያልፍም። የግዥ ሰነድዎ በሐምሌ ካልተዘጋጀ፣ በሰኔ «በጀቱ ይመለስብናል» እያሉ መጣደፍ አያድንም።

በርክክቡ ጊዜ ከቀድሞው ኃላፊ የሚቀበሉት የንብረት ዝርዝር ብቻ አይሁን። በፍርድ ቤት ያሉ ጉዳዮችን፣ ሊያልቁ የተቃረቡ ውሎችን፣ መልስ ያላገኙ የኦዲት ግኝቶችን፣ በተለይም ለታክሲ ማኅበራት በስብሰባ የተገቡ ቃሎችን ከነቃለ ጉባኤያቸው ይጠይቁ። የማኅበራቱ ተወካዮች በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዎ መምጣታቸው አይቀርም፤ ለየትኛው መስመር ምን እንደተባለላቸውም አንድ በአንድ ያስታውሳሉ። ቃለ ጉባኤውን አንብበው ይጠብቋቸው፤ ያላነበቡትን ቃል ደግሞ በዚያው ስብሰባ አያጽድቁ።