ተመላልሶ የሚመጣ ትኩሳትና የኤምኢኤፍቪ ጂን ውጤት አነባበብ

አዳማ ላይ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ቀጥሎ ታይፎይድ። ልክም ነው፤ ቅድሚያ መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸው። የሚያሳዝነው ትኩሳቱ በየጥቂት ሳምንቱ እየተመለሰ፣ ብለድ ፊልሙ (በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ምርመራ) ንጹሕ እየሆነ፣ በዊዳል (ለታይፎይድ በሚሠራው የደም ምርመራ) ብቻ የታይፎይድ መድኃኒት ደጋግሞ መግዛት ነው። አንድ ዊዳል የቆየ ወይም ሌላ ኢንፌክሽንን ሊያሳይ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከግማሽ ቀን እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ያለ መድኃኒት የሚለቅ፣ ከኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ሲተነፍሱ ከሚወጋ ደረት ወይም ከጉልበትና ቁርጭምጭሚት እብጠት ጋር የሚመጣ ትኩሳት ከሆነ፣ የቤተሰብ ሜዲትራኒያን ትኩሳትን፣ ማለትም ኤምኢኤፍቪ በተባለ ጂን ለውጥ የሚመጣውን በዘር የሚወረስ ሕመም፣ ማሰብ ይገባል። በአርመኖች፣ በቱርኮች፣ በአይሁዶችና በዐረቦች ይበዛል። አያትዎ አርመናዊ ወይም ዐረብ ከነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ካልተጠየቁ እንኳ።

ወደ ጂን ምርመራ ከመሄድ በፊት ደብተር ይያዙ፦ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ በቴርሞሜትር የተለካ ሙቀት፣ ያመመው ቦታ፣ የለቀቀበት ሰዓት። በሚያምበት ቀን ብለድ ፊልምና ሲአርፒ (በሰውነት ውስጥ ያለ መቆጣትን፣ ማለትም ብግነትን፣ የሚለካ የደም ምርመራ) ያሠሩ፤ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳትም በዚያው ፊልም ሊታይ ይችላል። ደህና በሆኑ በሁለት ሳምንት ገደማ ሲአርፒውን ይድገሙት። በሕመሙ ጊዜ ተሰቅሎ በደህናው ጊዜ መውረዱ ነው ትርጉም ያለው።

ለጂን ምርመራ ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ይቀዳ። ሄፓሪን ያለበት አረንጓዴው ቱቦ የፒሲአር ሥራን (ጂኑን ለማንበብ ዲኤንኤ የሚባዛበትን ዘዴ) ያደናቅፋል። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ከአዳማ ሙቀት ይጠበቅ፤ ግን በረዶ እስኪሆን አይቀዝቅዝ።

ኤምኢኤፍቪ በ16ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የታወቀ፣ ፓይሪን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ነው። «ኤም694ቪ» ማለት በፕሮቲኑ 694ኛ ቦታ ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ቫሊን በተባለ ሌላ ተተክቷል ማለት ነው። ይህ ከአባትም ከእናትም ከተወረሰ ሕመሙ ቶሎ ይጀምራል፣ ይበረታልም። ኤም680አይ፣ ቪ726ኤ እና ኤም694አይም በሽታ አምጪ ናቸው። ኢ148ኪው ግን በብዙ ጤነኞች ላይ ስለሚገኝ ለብቻው በሽተኛ አያሰኝም፤ ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ ለውጥ ብቻ የተገኘበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ተሸካሚ ነው፤ ምልክቱ ካለበት ግን ሐኪሙ በሕመሙ ጠባይ ይወስናል። «አልተገኘም» ቢልም በሽታው የለም ማለት አይደለም። ሙሉው ጂን ተነብቦ እንደሆነ ወይስ የተመረጡ ለውጦች ብቻ ታይተው እንደሆነ ይጠይቁ።

ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም ለውጦች የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

ሕክምናው ኮልቺሲን ነው፤ ሲያም ብቻ ሳይሆን በየቀኑ። ሐኪም የሚያዝዘው መነሻ መጠን ከ5 ዓመት በታች በቀን እስከ 0.5 ሚሊግራም፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ከ0.5 እስከ 1፣ ከዚያ በላይ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ በሚታዘዘው ጥምር መድኃኒት ውስጥ ብዙ ጊዜ ክላሪትሮማይሲን አለ፤ ከኮልቺሲን ጋር ሲገናኝ ለሞት የሚያደርስ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ፋርማሲ በገቡ ቁጥር ኮልቺሲን እንደሚወስዱ ይናገሩ።

ትኩሳቱ ቢጠፋም ክኒኑን አያቋርጡ፤ ብግነቱ ውስጥ ውስጡን ከቀጠለ አሚሎይድ የተባለ ጎጂ ፕሮቲን ኩላሊት ላይ ሊጠራቀም ይችላል። የመጀመሪያ ምልክቱ በሽንት ውስጥ የሚታይ ፕሮቲን ስለሆነ ሽንትዎን በየስድስት ወሩ ያስመርምሩ።